«ሰላም ነው» የሚለው ዘበኛ

አንድ ነገር አለመፈጠሩን በምን እናውቃለን? ጥያቄው ሲሰሙት የቃላት ጨዋታ ይመስላል። ቤት ሲቃጠል ጭሱ ይናገራል፤ ጎርፍ ሲመጣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ሌባ ሲገባ የጎደለው ዕቃ ይመሰክራል። ያልተቃጠለ ቤት፣ ያልመጣ ጎርፍና ያልገባ ሌባ ግን ምስክር የላቸውም። የሰፈር ዘበኛ ሌሊቱን ሲዞር አድሮ ጠዋት «ሰላም ነው» ሲለን፣ የምናምነው አንድ ነገር አይቶ ሳይሆን ምንም ባለማየቱ ነው። ታዲያ ምንም ያላየው ምንም ስላልነበረ ነው ወይስ ተኝቶ ስላደረ? ሲዞር ያደረውም ሲያንኮራፋ ያደረውም ጠዋት የሚሰጡን መልስ አንድ ነው፤ «ሰላም ነው»።

ይህን ጥያቄ ያነሳሁት ስለ ሰፈር ዘበኛ ለማውራት አይደለም። ከእኛ እጅግ በራቀ ቦታ፣ በአውሮፓ ሰሜን ባሕርና በጃፓን ጠረፍ፣ ከባሕር ወለል በታች የተቀበረ አየር እንዳያመልጥ ስለሚጠብቁ ሰዎች ሳነብ ከርሜ ነው። ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ወለል ምን አስጨነቀን የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የተቀበረው አየር ቢያመልጥ የመጨረሻ መድረሻው ሰማይ ነው፤ ሰማይ ደግሞ የማንም ጠረፍ የለውም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰሜን ባሕር የኖርዌይ ክልል ስላይፕነር የሚባል የተፈጥሮ ጋዝ ማውጫ አለ። ስሙ የተወሰደው በጥንት የሰሜን ሰዎች ተረት ውስጥ ስምንት እግር ካለው ፈረስ ነው። ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ከመቶ ዘጠኝ ያህል እጁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በትምህርት ቤት «የተቃጠለ አየር» እያልን የተማርነው፣ ከትንፋሻችንም ከመኪና ጭስም የሚወጣው አየር ማለት ነው። ይህን ያህል የተቃጠለ አየር የተቀላቀለበትን ጋዝ የሚገዛ ስለሌለ መለየት አለበት። እንደ ልማዱ ቢሆን የተለየው ወደ ሰማይ ይለቀቅ ነበር። ኖርዌይ ግን በ1991 በሚለቀቀው ላይ ግብር ጣለች። ግብሩን ከመክፈል መቅበሩ የሚያዋጣ ሆኖ ተገኘና ከ1996 ጀምሮ በዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን ቶን የሚደርስ የተቃጠለ አየር፣ ጨዋማ ውሃ ወደ ቋጠረ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ እየተገፋ ይገባ ጀመር። ድንጋዩ የሚገኘው ከባሕሩ ገጽ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው። ከላዩ ውፍረቱ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር የሸክላ ዓለት ተጭኖበታል። በጎ ሥራ በግብር ፍራቻ ሲጀመር በጎነቱ ይቀንሳል ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። እኔ አይቀንስም ባይ ነኝ።

አንባቢ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፍት «ጭስ» ብሎ የሚወጣውን ያውቀዋል። ያ አረፋ ይኸው ራሱ አየር ነው። ጠርሙሱ እስካልተከፈተ ድረስ አይታይም፤ ግፊት አፍኖ ይዞታል። ከባሕር በታች የተደረገውም በመሠረቱ ከዚህ ብዙ አይለይም። ልዩነቱ የጠርሙሱ ግዝፈትና ክዳኑ የሰው እጅ ሥራ አለመሆኑ ነው። የሰው እጅ ግን ክዳኑን በስቶታል። በሰሜን ባሕር ነዳጅና ጋዝ ፍለጋ ባለፉት አሥርት ዓመታት የተቆፈሩት ጉድጓዶች ከ10,000 በላይ ናቸው። ሥራቸው ያበቃው በሲሚንቶ ተደፍነዋል። ሲሚንቶ ደግሞ እንደማንኛውም የሰው ሥራ ዕድሜ አለው።

ቢያመልጥስ ምን ይመጣል? እዚህ ላይ ማጋነን አያስፈልግም። በካሜሩን ኒዮስ የሚባል ሐይቅ በሥሩ ለዓመታት አጠራቅሞ የኖረውን የተቃጠለ አየር እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 1986 ሌሊት በአንድ ጊዜ ተፋውና በዙሪያው ካሉ መንደሮች 1,700 ያህል ሰውና 3,500 ያህል ከብት በተኙበት ታፍነው አለቁ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው «ባሕር ሥር ቀበሩት» ሲባል ቢደነግጥ ያስኬዳል። ሆኖም ባሕርና ኒዮስ አይመሳሰሉም። ኒዮስ የማይናወጥ፣ ሥሩና ገጹ የማይቀላቀል ውሃ ነበር፤ ሰሜን ባሕርን ግን ነፋስና ሞገድ ያለ ዕረፍት ያማስለዋል። ከተቀበረው የሚያመልጠውም በጠባብ ስንጥቅ ወይም በአሮጌ ጉድጓድ ጎን እየሾለከ በዝግታ የሚወጣ ነው። ጉዳቱ በወጣበት ዙሪያ ውሃውን ማኮምጠጡ ነው። በኢጣሊያ ኢሺያ በምትባል ደሴት አጠገብ ይህ አየር በተፈጥሮ ከባሕር ወለል ይወጣል። በ2008 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በዚያ አካባቢ የባሕር ሣር ሲለመልም ቀንድ አውጣዎች ግን ዛጎላቸው እየሟሟ ይታያሉ። ለአንዱ ግጦሽ የሆነው ለሌላው ቤት ማፍረሻ ሆኗል።

እንግዲህ በዝግታ የሚያመልጠው አየር ሰው አይገድልም ማለት ይቻላል። ሰው የማይገድል ከሆነ የምግባር ጥያቄነቱ ምኑ ላይ ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ቃል ላይ ነው። ያ አየር የተቀበረው «አይወጣም» በሚል ቃል ነው። በዚያ ቃል ግብር ቀርቷል፤ በዚያ ቃል ፈቃድ ተሰጥቷል፤ በዚያ ቃል የአንድ አገር የጭስ መዝገብ ላይ ቁጥር ተቀንሷል። አየሩ ማንም ሳያውቅ እየሾለከ ቢሆን ማንም አይሞትም፤ ግን መዝገቡ ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ሰው ቃሉን መጠበቅ አለመጠበቁን የምናየው ፊቱን እያየን ነው። የዓለትን ቃል ግን በምን እናረጋግጣለን?

ለዚህ ነው ዘበኛ የተቀጠረው። ዘበኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከላይ ሆኖ ወደ ታች የሚያይ ነው። መርከብ ድምፅ ወደ ምድር ሆድ ይልካል፤ የገደል ማሚቶውን ሰብስቦ ሥዕል ያወጣል፤ ሐኪም የነፍሰ ጡርን ሆድ በአልትራሳውንድ እንደሚያየው። በስላይፕነር የመጀመሪያው ሥዕል የተነሳው አየሩ ከመግባቱ በፊት በ1994 ነበር። በ1999 እንደገና ሲነሳ ባለሙያዎቹ ያልጠበቁትን አዩ። በመካከል ያሉ ስስ የሸክላ ንብርብሮች ያግዱታል የተባለው አየር በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሁሉንም አልፎ ከላይኛው ወፍራም ክዳን ሥር ደርሶ፣ እንደ ፎቅ ቤት በዘጠኝ ደርብ ተንሰራፍቶ ተገኘ። ክዳኑ ይዞታል። የሰዎቹ ግምት ግን አልያዘም ነበር። ይኸው የኖርዌይ ኩባንያ በስተሰሜን ስኖቪት በሚባል ቦታ በ2008 መቅበር ሲጀምርም በዓለቱ ውስጥ ያለው ግፊት ከታሰበው ፈጥኖ ናረና በ2011 ወደ ሌላ ንብርብር ለመዞር ተገደደ። በሁለቱም ቦታ ወደ ባሕሩ ያመለጠ አልታየም። ይሁንና ሁለቱም የሚነግሩን ምድር በወረቀት ላይ እንደተሳለችው አለመሆኗን ነው።

የድምፅ ሥዕል ትልቁን ያያል፤ ጥቂቱን አያይም። ጥቂቷን ለማየት ሁለተኛው ዘበኛ ወርዶ ባሕሩ ወለል ላይ መቆም አለበት። የዚህኛው ሥራ ነው ይበልጥ የሳበኝ።

ችግሩ ባሕር ራሱ የሚተነፍስ መሆኑ ነው። በውስጡ ያሉት ደቃቅ ዕፅዋት ቀን ፀሐይ ሲያገኙ የተቃጠለውን አየር ይስባሉ፤ ሌሊት ይመልሳሉ። በፀደይ ይፈላሉ፤ ቆይተው ሞተው ሲበሰብሱ ውሃው ይኮመጥጣል። ወንዝ ይገባል፣ ነፋስ ይነሳል፣ ሥሩ ወደ ላይ ላዩም ወደ ታች ይገለበጣል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ከአንዲት ስንጥቅ የሚወጣን አየር መለየት በቅዳሜ ገበያ መሐል የአንድ ሰው ሹክሹክታ ለመስማት እንደ መሞከር ነው።

ታዲያ ምን አደረጉ? ራሳቸው አፍስሰው ሞከሩት። በ2012 በስኮትላንድ ኦባን ከምትባል ከተማ አጠገብ ባለች ትንሽ ሰላጤ፣ ተመራማሪዎች ከየብስ ተነስተው ባሕሩ ሥር የሚደርስ ቀጭን ጉድጓድ ቆፈሩና ከወለሉ 11 ሜትር ዝቅ ብለው የተቃጠለ አየር ለቀቁ፤ በ37 ቀናት ውስጥ 4.2 ቶን። ከዚያ መሣሪያቸውን ደርድረው ጠበቁ። አየር ሲያመልጥ ምን ዓይነት ምልክት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ለማወቅ አስበው ነው፤ ዘበኛን ለመፈተን አጥር ዘሎ እንደሚገባ የቤት ጌታ መሆኑ ነው።

ከዚያ ሙከራ ሁለት ነገር አልረሳም። የመጀመሪያው፣ ከለቀቁት አየር በአረፋ መልክ ሲወጣ የታየው ከመቶ 15 እጅ ያህሉ ብቻ መሆኑ ነው። የቀረው በአሸዋውና በጭቃው መካከል ባለው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ወይም ታፍኖ ቀርቷል። ሁለተኛው፣ አረፋው ሰዓት የሚጠብቅ መሆኑ ነው። ውሃው ወደ ጠረፉ ሞልቶ ሲመጣ ክብደቱ ጉድጓዱን ይጫነውና አረፋው ይቀንሳል፤ ውሃው ሲሸሽ ይበዛል። በመሙያው ሰዓት የመጣ ተመልካች ጥቂት አይቶ ይሄዳል፤ በመጉደያው ሰዓት የመጣ ብዙ ያያል። ሁለቱም አልዋሹም። ደግሞም አረፋ ድምፅ አለው። ከጭቃው ሲላቀቅ እንደ ትንሽ ደወል ያቃጭላል፤ ትንሹ በቀጭን፣ ትልቁ በወፍራም ድምፅ። ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ማይክሮፎን ይህን ድምፅ እየሰሙ ምን ያህል አየር እንደወጣ ማስላት ይቻላል። በ2019 ደግሞ በሰሜን ባሕር 120 ሜትር ጥልቀት ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጎ፣ መሣሪያዎቹ በቀን ከ10 ኪሎ ያነሰችን ልቅቀት ሳይቀር መለየት ችለዋል። አስደናቂ ነው፤ ግን የት እንደሚያዩ እያወቁ ነው። የት እንደሆነ ሳያውቁ ባሕርን ያህል ነገር መጠበቅ ሌላ ጣጣ ነው። ከስላይፕነር በስተሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የወለል ስንጥቅ የተገኘው በ2011 ነው። የተቀበረው አየር በዚያ አልወጣም። ቢሆንም መቅበሩ ከተጀመረ 15 ዓመት አልፎት ነበር።

አሁን ወደ ጃፓን ልሻገር፤ የጥያቄዬ እምብርት ያለው እዚያ ነው።

በሆካይዶ ደሴት ቶማኮማይ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ነዳጅ ማጣሪያ አላት፤ ባሕሯ ደግሞ ዛጎል ለቃሚ አስጋሪዎችን የሚያኖር ነው። መንግሥት በዚያ የሙከራ ማከማቻ አሠራና በኤፕሪል 2016 ከማጣሪያው የሚወጣውን የተቃጠለ አየር ከባሕሩ ወለል በታች 1,000 ሜትር ያህል ወደሚገኝ የአሸዋ ድንጋይ መግፋት ተጀመረ። ከመጀመሩ በፊት የባሕሩን ጠባይ ለማወቅ አንድ ዓመት በየወቅቱ ውሃ እየተቀዳ ተለክቶ ነበር። ልኬቱም ብልሃት ነበረበት። ፍጡር ሲተነፍስ ወይም ሲበሰብስ የተቃጠለው አየር ሲጨምር ኦክስጅን አብሮ ይቀንሳል፤ ከምድር ሾልኮ የመጣ ከሆነ ግን የተቃጠለው አየር ይጨምራል እንጂ ኦክስጅኑ በዚያ ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ሁለቱን አጣምረው እያዩ አንድ መስመር አሰመሩ፤ ከዚህ መስመር ያለፈ ነገር ከታየ ደወል ይደወላል ተባለ።

ሥራው በተጀመረ በሁለት ወሩ፣ በጁን 2016፣ ደወሉ ተደወለ። ከተቀዳው ውሃ ውስጥ መስመሩን ያለፈ ተገኘ።

የሆነውን ልብ በሉ። የተገፋው አየር ገና ጥቂት ነበር፤ በሁለት ወር ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ዓለት ሰንጥቆ ይወጣል ብሎ የሚገምት ባለሙያ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ሕጉ ሕግ ነውና መግፋቱ እንዳይቀጥል ተደረገ። እንደገና ውሃ ተቀዳ፤ እንደገና ተለካ፤ ተመረመረ። መደምደሚያው ያመለጠ ነገር የለም፣ ባሕሩ በተፈጥሮው እንዲህ ይለዋወጣል፣ የአንድ ዓመት ልኬት የባሕርን ጠባይ ለማወቅ አልበቃም የሚል ሆነ። የክትትሉ ዕቅድ ተሻሽሎ ሥራው የቀጠለው በ2017 መጀመሪያ ነው። እስከ ኖቬምበር 2019 ድረስ 300,000 ቶን ገብቶ ተቋጨ። በመካከሉ በሴፕቴምበር 2018 ከ40 በላይ ሰዎች የሞቱበት፣ በመለኪያው 6.7 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን አናውጦ ነበር። ከዚያም በኋላ ያመለጠ አየር እንዳልታየ ባለሙያዎች መስክረዋል።

እንግዲህ ሞግቱኝ። ደወሉ በከንቱ ተደወለ። ከዚያ በኋላ የደወሉ አሠራር ተለወጠ። ይህ ስሕተትን ማረም ነው ወይስ ደወልን ማደንዘዝ?

ልጅ ሆነን የተማርነው የውሸታሙ እረኛ ተረት እዚህ አይሠራም። ያ እረኛ ሊስቅ ብሎ «ጅብ መጣ!» አለ፤ የቶማኮማዩ እረኛ ግን የዛፍ ጥላ አይቶ ከልቡ ደንግጦ ጮኸ። መንደርተኛው ወጥቶ ጅብ አጣ። አሁን እረኛውን ምን ይበለው? «ከእንግዲህ ጥላ እያየህ አታስነሳን» ማለት ተገቢ ምክር ይመስላል፤ በየሌሊቱ በከንቱ የሚቀሰቀስ መንደር ውሎ አድሮ ጩኸት የማይሰማ መንደር ይሆናልና። ነገር ግን ያን ምክር ማን ነው የሚሰጠው? በጎቹ የእሱ የሆኑ ሰው ቢመክረው ያምራል፤ ቢሳሳት የሚጎዳው ራሱ ነው። ምክሩን የሚሰጠው ጅቡ ቢሆንስ?

ጅብ ስል አየር ቀባሪዎቹን መስደቤ አይደለም። ለማለት የፈለግሁት ዝምታው የሚጠቅመው ወገን የደወሉን ልክ የሚወስነው ራሱ መሆን የለበትም ነው። በሳይንሱ በኩል መስመሩን ማሻሻላቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። በአንድ ዓመት ባሕርን አወቅሁ ማለት በአንድ ምሽት ሠርግ ላይ ያዩትን ሰው ጠባዩን አወቅሁ እንደማለት ነው። እኔ ግን ከማሻሻያው ይልቅ የማከብረው ከማሻሻያው በፊት ያሉትን ወራት ነው። ጅብ አለመኖሩን እየጠረጠሩ እንኳ መጀመሪያ ቆሙ፤ ከዚያ ጠየቁ። ቀጥለው ቢጠይቁ ኖሮ መልሱ ያው በሆነ ነበር፤ ዋጋው ግን ያው አይሆንም። እየገፋ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ቀድሞ መርጦታልና። አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት በሚዘገይ ውሻ ሲሳለቁ ነው። ሳይመጣ የጮኸውን ውሻ ግን ቢያንስ መንቃቱን አውቀንበታል። ከቶማኮማይ በኋላ የሚመጣው «ሰላም ነው» ከዚያ በፊት ከነበረው ይበልጥ ይታመናል፤ የሚናገር ዘበኛ እንደሆነ ታይቷልና።

መሐንዲሱ የሚመልስልኝን አውቃለሁ። «በየጥላው የምንቆም ከሆነ ሥራው ይሞታል፤ ሥራው ሲሞት ያ አየር በሙሉ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ከዓለት ሥር ከመቶ አንድ እጅ እንዳያመልጥ ስትጨነቅ መቶ እጁን ትለቃለህ» ይለኛል። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ዓለም በየዓመቱ ከ35 ቢሊዮን ቶን በላይ የተቃጠለ አየር ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ለዚያ ደወል የሚደውል ዘበኛ የለም። ከዚያ ውስጥ ሩብ ያህሉን ባሕር ራሱ ይጠጣዋል፤ ያም ራሱን የቻለ ማኮምጠጥ ነው። የአሲድ መለኪያውን የሚያውቅ ይረዳኛል፤ የባሕር ገጽ ከፋብሪካ ዘመን በፊት 8.2 ገደማ ነበር፤ አሁን 8.1 ገደማ ነው፤ በዚህ መለኪያ ቁጥሩ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። በአንዲት ስንጥቅ ዙሪያ ላሉ ቀንድ አውጣዎች ስንከራከር መላው ባሕር ያለ ፈቃድና ያለ ክትትል እየኮመጠጠ ነው። ክርክሩን እቀበለዋለሁ፤ የምቀበለው ግን መቅበሩን የሚደግፍ ክርክር ሆኖ እንጂ ጥበቃውን የሚያላላ ሆኖ አይደለም። በሜዳ ላይ የሚዘረፍ ንብረት ስላለ ካዝና ውስጥ ለገባው ዘበኛ አያስፈልግም አይባልም። ካዝና ውስጥ የገባው «ተጠብቋል» ተብሎ የተቆጠረ ነውና።

የጋዜጠኝነት ትምህርት ስማር ከሁሉ በፊት የገባኝ ነገር «ምንም አልተፈጠረም» ዜና አለመሆኑ ነበር። ውሻ ሰውን ካልነከሰ፣ ሰውም ውሻን ካልነከሰ ወረቀት አታባክን ዓይነት ነው። በዚህ ሙያ እስካሁን በነጻነት እየጻፍኩ ስኖር ይህን ሕግ ተጠራጥሬው አላውቅም። እነዚህ ሰዎች ግን ዕድሜ ልካቸውን የሚጽፉት ያንኑ ዜና ያልሆነውን ነገር ነው። በዚህ ዓመት ምንም አላየንም፤ የለካነው በዚህ መሣሪያ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ጥልቀት ነው፤ ከዚህ መጠን ያነሰ ቢያመልጥ ኖሮ አናየውም ነበር። የመጨረሻዋን ሐረግ ተመልከቱልኝ። ተኝቶ ያደረውን ዘበኛ ነቅቶ ካደረው የምትለየው እሷ ናት። ተኝቶ ያደረው «ሰላም ነው» ይልና ያበቃል። ነቅቶ ያደረው «በጓሮ በኩል መብራት የለም፤ እዚያ የሆነውን አላውቅም» ይላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረታችን ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ለዚህ ግን አይሠራም። እዚህ ዝምታ ይነቅዛል፤ ልኩ ካልተነገረ በሁለት ዓመት ውስጥ ማንም የማያምነው ይሆናል።

ከዚህ የሚከብደው የጊዜው ነገር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ባለሙያዎች ጉባኤ በ2005 ባወጣው ዘገባ፣ በደንብ በተመረጠና በደንብ በተያዘ ቦታ የተቀበረ አየር ከመቶ 99 እጅ በላይ ለ1,000 ዓመት ሳይወጣ ሊቆይ እንደሚችል ገምቷል። አንድ ሺህ ዓመት! የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከተፈለፈሉ 800 ዓመት ገደማ ቢሆናቸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ያወጣው ሕግ ደግሞ ኩባንያው ጉድጓዱን ከዘጋ በኋላ እንደ ደንቡ ቢያንስ 20 ዓመት ጠብቆ፣ አየሩ መርጋቱ ሲረጋገጥ፣ ቢያንስ የ30 ዓመት የክትትል ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ አስቀምጦ ኃላፊነቱን ለመንግሥት ያስረክባል ይላል። 20ንና 30ን ከ1,000 ጋር ሳስተያይ መጀመሪያ ስቄ ነበር ማለት እችላለሁ። ሳቄን ያቆመልኝ የነገሩ ጠባይ ነው። አየሩ በቆየ ቁጥር በጨዋማው ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ የሟሟበት ውሃ ከብዶ ወደ ታች ይሰምጣል፤ እጅግ ሲቆይ ከፊሉ ከዓለቱ ጋር ተዋሕዶ ድንጋይ ይሆናል። የተዳፈነ ረመጥ እየቆየ አመድ እንደሚሆን ማለት ነው። ስለዚህ ዘበኛው አብዝቶ የሚያስፈልገው በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ነው፤ ሕጉም ፍጹም ሞኝ አይደለም።

ቢሆንም አደራ የሚለው ቃላችን እዚህ ላይ ይከነክነኛል። በእኛ ዘንድ አደራ የሚሰጠው ፊት ለፊት ነው። ሰጪው «አደራ!» ይላል፤ ተቀባዩ እሺ ይላል ወይም «አልችልም፣ ዕቃህን ውሰድ» ይላል። አደራ ጥብቅ የሚሆነው እሺ ስለተባለ ነው። በዚህኛው አደራ ግን ተቀባዮቹ አልተወለዱም። እሺ አላሉም፤ «አልችልም» የማለት ዕድልም የላቸውም። ሰጪውስ ቢሆን? በ1996 በስላይፕነር መቅበር የጀመረው ኩባንያ ስታቶይል ይባል ነበር። ከ2018 ወዲህ ኤክዊኖር ነው የሚባለው። ስም መቀየር ወንጀል አይደለም፤ የሥራ መስኩም ስለሰፋ ነው ተብሏል። እኔ ግን የማስበው በ22 ዓመት ውስጥ ስሙ ያልጸና አካል ለሺህ ዓመት የሚሆን ቃል መስጠቱን ነው። ለተወላጆቹ ማቆየት የሚቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዝገብ። ከመቅበሩ በፊት ባሕሩ ምን እንደነበር፣ በየወቅቱ እንዴት ይተነፍስ እንደነበር፣ ደወሉ መቼ እንደተደወለና ለምን እንደተለወጠ የሚናገር፣ ማንም ገልጦ ሊያየው የሚችል መዝገብ። እሱም ከኩባንያው ካዝና ውጭ ቢቀመጥ እመርጣለሁ፤ የዘበኛው ደመወዝም እንዲሁ። ዘበኛን የሚከፍለው የአጥሩ ባለቤት ቢሆን ግድ የለኝም፤ የሚያባርረው ግን ሌላ ይሁን።

በኦገስት 2025 በኖርዌይ ምዕራብ ጠረፍ ኖርዘርን ላይትስ በሚባል ማከማቻ የመጀመሪያው የተቃጠለ አየር ወደ ምድር ገባ። የመጣው ብሬቪክ ከተባለ ቦታ ካለ የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። በመርከብ ተጭኖ፣ በርገን አጠገብ ተራግፎ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ ተጉዞ፣ ከባሕር ወለል በታች 2,600 ሜትር ወርዷል። ሌሎች ፋብሪካዎች የቆሻሻቸውን አየር የሚያስቀብሩበት፣ በክፍያ የሚሠራ የሕዝብ መቃብር ዓይነት ነው። እንበልና 25 ዓመት ይሥራ፤ 2050 ይሆናል። ከዚያ 20 ዓመት ይጠበቅ፤ 2070 ይሆናል። በዚያ ዓመት አንድ ሹም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ የባሕሩን የቆየ ልኬት ከአዲሱ አስተያይቶ፣ «ያመለጠ የለም፤ መንግሥት ይረከብ» በሚል ወረቀት ላይ ይፈርማል ወይም አልፈርምም ይላል። ዕድሜው 50 ገደማ ከሆነ ያ ሰው ዛሬ ፊደል እየቆጠረ ነው።